አንዱ ሲያስብ አምስቱ ሲያስነጥሱ

ልጄ አፏን ፈትታ የተናገረችው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር «እማዬ፣ እንግዳው መጣ» የሚል ነበር። እንግዳው እኔ ነኝ።

አልፈርድባትም። እነሱ ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ናቸው፤ እኔ ሥራዬ አሰንዳቦ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እሁድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ልጅቷ የምታውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ይዞ ብቅ የሚል፣ ሶፋው መሀል ተዘርግቶ ዜና እያየ የሚያንኮራፋ አንድ ቦርጫም ሰውዬ እንዳለ ነው። ጨዋ ልጅ ስለሆነች ወንበር ትስብልኛለች። ቦርሳዬን ሳነሳ በር ድረስ ትሸኘኝና «ደግሞ ይምጡ» ትለኛለች፣ በአንቱታ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር፤ ቆይታ መሳቁን ተወችው። አንድ ቀን «አባትሽ ነው ብለሽ ንገሪያት እንጂ» ብላት «አንተው ንገራት፤ ቅዳሜ ቀጠሮ ያዝ» አለችኝ።

መድኃኒቱ ዝውውር ነበር። ጅማ ቦታ ተገኝቶልኛል፣ የሚቀበለኝ መሥሪያ ቤት እሺ ብሏል። የቀረው አሰንዳቦ ያለው አለቃዬ «ይልቀቅ» ብሎ መፈረሙ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ግምገማ ሳያልፍ አይፈርምም።

ሥራዬ ቡና ነክ ነው። ከእነ ቅድመ አያቶቻቸው ቡና ሲለቅሙ ለኖሩ ሰዎች ቡና እንዴት እንደሚለቀም አስተምራለሁ። እነሱም በትዕግሥት ይሰሙኛል፣ ያጨበጭቡልኛል፣ ከዚያ ሄደው እንደ ወትሯቸው ይለቅማሉ። ቡናው ጥሩ ከሆነ ሪፖርት ላይ የእኔ ሥራ ነው፤ ካልሆነ ዝናቡ ነው።

ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነው። ለረሳው ሰው ላስታውስ፦ አንዱ አምስቱን ይመራል፤ ስድስት ሆነን እንወያያለን፣ እንተቻቻለን፣ እንሻሻላለን። መሥሪያ ቤት አንድ ለአምስት አለ፣ ሰፈር አንድ ለአምስት አለ። የተከራየሁበት ግቢ እንኳን የራሱ ነበረው፤ የዚያኛው አጀንዳ ሁልጊዜ ሽንት ቤቱን ማን ይጠብ የሚል ስለነበር ከሁሉም ፍሬያማው እሱ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ቡድን መሪው አለቃችን ነው። ከሥሩ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ሾፌሩ፣ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጡ ሁለት ወጣት ባለሙያዎችና እኔ አለን። አለቃዬ በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ግን እኔ ነኝ በአንቱታ የማናግረው። ልጄ እኔን እንደምታናግረኝ ማለት ነው።

መጽሐፉን ያገኘሁት ጅማ መናኸሪያ አጠገብ፣ መጽሐፍ ከሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው። እሁድ ነበር፤ መኪና እስኪሞላ ድረስ ቆሜ አገላብጣለሁ።

«ጋሼ፣ የዚህ ሽፋኑ የታለ?»

«ሽፋን ምን ያደርግልሃል? ልታነበው ነው ልትለብሰው?»

«መጨረሻውም እኮ የለም!»

«የተከራየው ሰው ቀደደው።»

«ለምን?»

«ወይ ወዶት ነው፣ ወይ ስኳር ጠቅልሎበት ነው። ውሰደው፤ አንድ ቀን ስታልፍ ትመልሰዋለህ። እንዲህ ሆኖ ማንም አይከራየውም።»

ሚኒባስ ውስጥ ገለጥኩት። የተተረጎመ ነው፤ ከየት ቋንቋ እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው ሽፋኑ ይዞት ሄዷል። ነገሩ ወደፊት በሚመጣ ዘመን በአንዲት ትልቅ ከተማ የሚሆን ነው። የከተማዋ ሰዎች ስድስት ስድስት ሆነው ይታሰራሉ። የሚታሰሩት በገመድ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ከጆሮው ኋላ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ፍሬ ትተከልበታለች። ከስድስቱ አንዱ በመንግሥት ላይ ክፉ ነገር ካሰበ አምስቱ ያስነጥሳሉ። በቃ። ሰላይ የለም፣ ፖሊስ የለም፣ የእስር ቤት ወጪ የለም። ያሰበው ሰው ምንም አይሆንም፤ የሚቀጡት ጓደኞቹ ናቸው። አፍንጫቸው የቀላ ሰዎች እንጀራቸውን ያጣሉ። ስለዚህ የሰውየውን አንገት የሚያንቁት ጓደኞቹ ናቸው፤ መንግሥት እጁን ሰብስቦ ያያል። ከተማው ውስጥ «ይማርህ» ማለት ክልክል ነው።

ዋናው ባለታሪክ ደግሞ ማሰብ የማያቆም ሰው ነው፤ አመል ሆኖበት እንጂ ጀግና ስለሆነ አይደለም። አምስቱ ጓደኞቹ ቤቱ እየመጡ ይለምኑታል። «እባክህ ስለ ምግብ አስብ፣ ስለ ሴት አስብ።» እሱም ይሞክራል። ስለ ምግብ ሲያስብ ዋጋው ትዝ ይለዋል፤ አምስቱ እንደገና ያስነጥሳሉ።

እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጭናቸው ላይ ያለችውን ዶሮ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ሰርቦ ከተማ ሳንደርስ ግን ሳቄ ቆመ። ሚኒባሱ ውስጥ ዙሪያዬን አየሁ። ሁላችንም ዝም ብለናል፤ ራዲዮው ብቻ ስለ ዕድገታችን ይናገራል። አንድ ሰው እንኳን «ወይ ዕድገት!» አላለም፤ ምክንያቱም አጠገቡ ያለው ሰው የማን ቡድን እንደሆነ አያውቅም። ወደፊት የተባለው ዘመን ከእኔ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ወንበር ተጋርቶ ተቀምጧል፤ ሒሳቡንም አልከፈለም። ዛሬማ ይባስ ብሎ ፍሬዋን ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ይዘናት እንዞራለን። በገንዘባችን ገዝተን፣ ማታ ማታ በራሳችን መብራት ቻርጅ አድርገን።

መጽሐፉ የሚያልቀው፣ ይቅርታ፣ የሚቀደደው ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ነው። ባለታሪኩ ተይዞ የከተማዋ የበላይ የሆነው ትልቁ አለቃ ፊት ይቀርባል። አለቃው በሩን ይዘጋል፤ አፍንጫውን ያዝ አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ደግሞ» ይላል። ቀጣዩ ገጽ የለም። ስኳር ሆኗል።

ሰኞ ምሳ ስንበላ ለቡድኔ ተረኩላቸው። አለቃችን የለም፣ ስብሰባ ሄዷል። ሾፌሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ወላሂ ይሄ ሰውዬ እኛ ጋ መጥቶ ነው የጻፈው!» አለ። ከወጣቶቹ አንዱ «አቦ ፋዘር፣ ይሄ መጽሐፍ ያስበላሃል» አለኝ። ፋዘር መባሌን ወደድኩት፤ እንደዚያ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረኝማ።

ከዚያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ አለቃችን «ዘንድሮ ዕቅዳችንን ከመቶ በላይ አሳክተናል» ሲል ሾፌሩ አስነጠሰ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ወጣቶቹ «የርሀሙከላህ» አሉ፤ አንዳቸውም ሙስሊም አይደሉም። አለቃችን ስለ አርሶ አደሩ ገቢ መጨመር ሲያወራ ሒሳብ ሠራተኛዋ አስነጠሰች። እሷ ቁም ነገረኛ ናት፤ ያስነጠሰችው በመሀረብ ነው።

«ጉንፋን ገብቷል መሰለኝ፤ ዝንጅብል ጠጡ» አለን አለቃችን።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ግምገማ ውስጥ ያላለፈ ሰው ሁላችን የምንጠፋፋ ይመስለዋል። የምናደርገውን ልንገራችሁ፦ ግምገማ ሲቃረብ ጥፋት እንከፋፈላለን። ያለ ጥፋት የሚገመገም ሰው የለም፤ ያለ ሂስ የሚወጣ ቡድንም «አድርባይ» ይባላል። ስለዚህ ቀደም ብለን ኮሪደር ላይ እንደ ሠርግ ድግስ እንመካከራለን።

«እኔ በአንተ ላይ ነው የደረሰኝ፤ ምን ልበልህ?» አለችኝ ሒሳብ ሠራተኛዋ።

«ሰዓት አያከብርም በይ።»

«እሱን ሾፌሩ ወስዶታል።»

«ተነሳሽነት ይጎድለዋልስ?»

«እሱን ለራሴ ነው የያዝኩት፤ ቀላል ነው።»

«እንግዲያው በሥራ ሰዓት መጽሐፍ ያነባል በይ።»

«እናቴ ትሙት! እሱ ያምራል» አለች። ከሁሉ የቀለለውን ጥፋት የመረጥኩ መስሎኝ ነበር። ማንበብ ምን ያመጣል?

ግምገማው ላይ ተራዬ ሲደርስ የተባባልነውን አለች። «በሥራ ሰዓት ልቦለድ ያነባል። መሳቢያ ውስጥ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ።» እኔም «ሂሴን ውጫለሁ» አልኩ። ዘወትር ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። አለቃችን ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ምን ልቦለድ ነው?»

«ተራ ልቦለድ ነው፣ ጓድ።»

«ስለ ምን?»

አራቱ ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ያዙ። ዝውውሬ ጠረጴዛው ላይ፣ ክንዱ ሥር ይታየኛል። ወረቀቱ ላይ የልጄ ፊት የታተመ መሰለኝ።

«ስለ አደረጃጀት ነው» አልኩ።

«አደረጃጀት?»

«ሰዎቹ ስድስት ስድስት ሆነው ይደራጃሉ። አንዱ ጋ የአመለካከት ችግር ካለ አምስቱ ወዲያው ያውቁታል።»

«አንድ ለአምስት!» አለ።

«እ... እንደዚያ ነገር ነው።»

«የት ሀገር ነው?»

«ሀገሩ አልተጻፈም። ወደፊት ነው።»

«ራዕይ!» አለና ከወንበሩ ተነሳ። «ውጤቱስ? ቅሬታ አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም። ጉንፋን ብቻ ነው ያለው።»

«እሱ የጤና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው» አለ። ዞሮ ሌሎቹን አየና ድምፁን ከፍ አደረገ። «አያችሁ? እናንተ ይሄን ሰው በሂስ ትመቱታላችሁ፤ እሱ ግን ምርጥ ተሞክሮ እየፈለገ ነው። ይሄ ተቀምሮ መስፋት አለበት።»

«ጓድ፣ እሱ እኮ ፈጠራ ነው» አለ ከወጣቶቹ አንዱ፣ ሊያድነኝ ብሎ።

«ፈጠራም አንዱ መስፈርታችን ነው!»

እንዲህ ሆኖ ነው የቀበሌ ሊቀመናብርትና ሞዴል አርሶ አደሮች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ኮት ለብሼ፣ የሰው ልጅ ከሚያስባቸው አስፈሪ መንግሥታት አንዱን እንደ አርአያ ያቀረብኩት። ጆሮ ኋላ ያለችው ፍሬ «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ» ሆነች። ማስነጠሱ «ፈጣን የመረጃ ልውውጥ» ሆነ። አለቃዬ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ሾፌሩ በሩ ጋ ቆሞ ጋቢውን አፉ ውስጥ ከቶ ይንቀጠቀጣል። አፍሬያለሁ ብል ውሸት ነው፤ እንዲያውም ንግግሬ ሳይጥመኝ አልቀረም። አንዳንድ ቦታ ላይ ራሴን ሳምነው አግኝቼዋለሁ።

አቅርቤ ስጨርስ አንድ ሸምገል ያሉ የቀበሌ ሊቀመንበር እጃቸውን አወጡ።

«ማሎ፣ እባክህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አንዱ ሲያስብ አምስቱ ያስነጥሳሉ ነው ያልከን?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ስድስቱም አብረው ቢያስቡስ?»

ስድስቱም ቢያስቡ ስድስቱም ያስነጥሳሉ፤ ያኔ ማን ማንን ይከሳል? ይሄን መጽሐፉ አልጻፈውም። ምናልባት በተቀደደው ውስጥ ነበር። አለቃዬ ተነሳና «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወደ ቡድን ውይይት ይመራል» አለ። በዚህ መሀል አዳራሹ ቀድሞ የቡና መጋዘን ስለነበር፣ የወንበሩ መጎተት ያነሳው አቧራ ይሁን ሌላ፣ ከኋላ አንድ ሰው አስነጠሰ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ግማሽ አዳራሽ። አንዱ «ይማርህ» ሲል ሌላው ሲቀበል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አለቃዬም አብሮ ሳቀ። ሕዝቡ ተነቃቃ ብሎ ነው የተረዳው።

በማግስቱ ቢሮው ጠራኝ። በግምገማው አንደኛ ወጥቻለሁ። ዝውውሬን አነሳና መሳቢያ ውስጥ ከተታት።

«አንተን ለቅቄ ከማን ጋር ልቀር? እንዲያውም ለዞን ጽፌላቸዋለሁ። በየወረዳው እየዞርክ ታቀርበዋለህ። ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ።»

አባት መሆኑ ይቅርና እንግድነቴንም ልነጠቅ ነው።

ያን ቅዳሜ ለባለቤቴ ስነግራት ልብስ እያጠበች ነበር። ማጠቧን ሳታቆም እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አለቃህ መጽሐፉን አንብቦታል?»

«የት አባቱ! ከእኔ ነው የሰማው።»

«ማንበብ ይችላል?»

«ዲግሪ አለው እኮ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።» የጨመቀችውን ሸሚዝ አራገፈችው። «ስጠው።»

«ምን? ሲገባው ያሳስረኛል እንጂ!»

«ብትታሰርም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተን እንጠይቅሃለን። ለልጅቷ ለውጥ የለውም።»

በሚቀጥለው ዓርብ መጽሐፉን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ዞን ከመጠየቁ በፊት ዋናውን ቢያዩት ብዬ ነው» አልኩት። «ጥሩ አሰብክ» አለኝ። መጥፎ ቃል ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ማሰብ ምን እንደሚያመጣ ገና አላወቀም።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ልጄ «እንግዳው ሆዱን አሞታል» ብላ ለእናቷ አሳወቀች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ቀድሞኝ ገብቷል። ዓይኑ ቀልቷል። «ግባ፤ በሩን ዝጋው» አለኝ። ዘጋሁት። መጽሐፉ ፊቱ ተቀምጧል፤ በሁለት እጁ ይዞታል፣ የሚያመልጠው ይመስል።

«ይሄ ሰውዬ እዚህ ሠርቶ ያውቃል?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ጸሐፊው!»

«አይመስለኝም። ሽፋን የለውም።»

«ያ የቡድን መሪው... አምስቱ ሲያስነጥሱበት ዝንጅብል ጠጡ የሚለው...»

እውነቱን ልናገር? እሱን ቦታ ጨርሶ ረስቼው ነበር። መጽሐፉ ውስጥ አለ። አለቃዬ ራሱ ስብሰባ ላይ ሲለው ሰምቼ እንኳን አላስተዋልኩም።

«ወደፊት ነው እኮ ታሪኩ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

ግንባሩን ያዘ። «ሪፖርቱን ለዞን ልኬዋለሁ። ምርጥ ተሞክሮ ብዬ። በፊርማዬ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እሱም ከበላዩ ሌላ አንድ ለአምስት አለው፤ እዚያ ከአምስቱ አንዱ እሱ ነው። እሱንም ከላይ ያስነጥሱታል።

«ዞን የሚያነቡት ይመስልዎታል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አሰበ፣ በእውነት አሰበ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ።

«አያነቡትም» አለ።

መሳቢያውን ከፈተ፣ ዝውውሬን አወጣ፣ ፈረመ። «ዛሬውኑ ሂድ። ይሄንንም ይዘህልኝ ሂድ። የሚያቀርበው ሰው ተዛውሯል እላቸዋለሁ።» ወረቀቱን ተቀብዬ በሩ እጀታ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«ቆይ እስቲ። አለቃው በሩን ዘግቶ 'እኔ ደግሞ' ካለ በኋላ ምን አለ?»

«ተቀዷል።»

«አውቃለሁ ተቀዷል! አንተ ምን ይመስልሃል?»

ወረቀቴን አየሁት። «ጓድ፣ ማኅተም አልመቱበትም።»

ተቀበለኝና ማኅተሙን አነሳ። ቁጭ ሲያደርገው የጠረጴዛው አቧራ ተነሳና አስነጠሰ፤ ትልቅ፣ ቢሮ የሚያናጋ ማስነጠስ። ከቺፑዱ ግድግዳ ማዶ፣ ወዲያውኑ፣ ሦስት ድምፅ አንድ ላይ «ይማርዎ!» አሉ። የሾፌሩ «የርሀሙከላህ» ትንሽ ዘግይታ ብቻዋን መጣች። አለቃዬና እኔ ተያየን። የሳቀው እሱ ነው መጀመሪያ። የአለቃው መልስ ምን እንደነበር ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ዕቃዬ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ነው። በዚያው ቀን ሁለቱን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ጅማ ገባሁ። መጽሐፉን መናኸሪያ ለሽማግሌው ስመልስላቸው «እንዴት ነው?» አሉኝ። «መጨረሻው ቢኖር ጥሩ ነበር» አልኳቸው። «የኔ ልጅ፣ ቢኖር ኖሮ ይኸኔ ሌላ ሰው በተከራየው» አሉ።

ቤት ስደርስ አስር ሰዓት ገደማ ነው። ፍራሹን ተሸክሜ አንኳኳሁ። ልጄ ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ፍራሹን አየች፤ ሙዝ ያልያዘውን እጄን አየች። ወንበር ልትስብልኝ እንኳን አልተንቀሳቀሰችም። ዞራ ወደ ጓዳ ጮኸች፦

«እማዬ! እንግዳው ቀን ተሳስቶ መጣ!»